ከአፍንጫ ይጀምራል

መርማሪዋ የወንድሟን የኳስ ካልሲ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ አንጠልጥላ ጥግ ይዛ ጠበቀች። ካልሲው ከጨዋታ በኋላ በፌስታል ታስሮ የሰነበተ ነው፤ እሷ ራሷ ስትፈታው ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እናቷ ገባች፤ ሽንኩርት አነሳች፤ ከካልሲው ሥር ቆማ እያንጎራጎረች ልጣ ከትፋ ወጣች። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ድሮ ቢሆን ልጇ ገና ከግቢው ሳይገባ «ጫማህን እዚያው!» የምትል ሴት ናት።

«መርማሪ» የሚለውን ስም ያወጣላት ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ብስኩቱን የትም ቢደብቀው ስለምትደርስበት። እሷም ስሙን አልጠላችውም። ሲያሾፉባት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብላ ታልፋቸዋለች። አሁን ግን የጠረጠረችው እናቷን ነው፤ ይሄ ደግሞ እንደ ብስኩቱ የሚያስቅ አልሆነላትም።

ነገሩ የጀመረው እናቷን ያ ከባድ ጉንፋን ከለቀቃት ወዲህ ነው። መጀመሪያ የተበላሸ ወተት ቀድታ ለልጇ ሰጠችው። ቀጥሎ ዳቦ ሲያር አጠገቡ ቆማ ስልክ ታወራ ነበር። ከዚያ ደግሞ አዲስ አመል አመጣች፤ ድስቱን ከፍታ «እስቲ ነይ ቅመሺልኝ፤ ሽታውስ እንዴት ነው?» ትላለች። ስንቱን እንግዳ የምትመግብ የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ ከመቼ ወዲህ ነው የልጇን ምላስ የምትበደረው?

ማታ ወንድሟን ለብቻው አማከረችው።

«እማዬ የሆነ ነገር እየደበቀችን ነው።»

«አንቺ ደግሞ አታበዢው! ካልሲዬን መልሺልኝ።»

«እንዴት አልሸተታትም?»

«እኔንም እኮ አይሸተኝም» አለ በኩራት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቤቱን በር ገና እንደከፈተች የጋዝ ሽታ ተቀበላት። ቦርሳዋን ወርውራ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። እናቷ ምድጃው ፊት ቆማለች። ሾርባው ገንፍሎ እሳቱን አጥፍቶታል፤ ማዞሪያው ግን እንደተከፈተ ነው። እናቷ «ደግሞ ምን አጠፋው?» እያለች ከሳጥኑ ክብሪት ታወጣለች።

«እማዬ፣ እንዳትጭሪ!»

እናቷ ደንግጣ ዞረች። «ምን ሆንሽ? ልቤን አጠፋሽው እኮ!»

«ጋዝ ነው! ቤቱ በሙሉ ጋዝ ጋዝ ይላል! ክብሪቱን አስቀምጪው!»

የእናቷ እጅ አየር ላይ ቀረ። ፊቷ ላይ የታየው ድንጋጤ ብቻ አልነበረም፤ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ፊት ነበር። መርማሪዋ ያኔ ሁሉም ነገር ገባት። ለማሰብ ግን ጊዜ አልነበረም፤ ዘላ ገብታ ማዞሪያውን ዘጋች። እናቷም ነቃ አለችና ጎንበስ ብላ የሲሊንደሩን ቁልፍ አጥብቃ ዘጋችው።

«ኧረ ምንድነው የሚሸተው?» ወንድሟ ኳሱን አቅፎ ከደጅ ገባ። «ቆይ ፋኑን ላብራው፤ ጠርጎ ያወጣዋል።»

«እንዳትነካው!» ሁለቱም እኩል ጮኹበት።

«ለምን?»

«ማብሪያው ትንሽ ብልጭ ካለ አለቀልን» አለች እናቱ። «የበራውን አታጥፋ፣ የጠፋውን አታብራ። ስልክህንም ከኪስህ እንዳታወጣ። በል ውጣ!»

መስኮቶቹን በርግደው ከፍተው ሦስቱም እስከ ግቢው በር ድረስ ወጡ።

ይሄን ሕግ ያስተማረቻቸው እናታቸው ናት። ከሆቴሉ አምጥታ እስኪሰለቻቸው ደጋግማዋለች፤ «ጋዝ ሲሸትሽ እሳት አትጫሪ፤ ማብሪያ አትንኪ፤ ጋዙን ዝጊ፤ መስኮቱን ክፈቺ፤ ውጪ።» አሁንም አንዱ አልጠፋትም። የጠፋባት መጀመሪያው ነው፤ «ሲሸትሽ» የሚለው።

ወንድሟ ከግድግዳው ጋር ኳስ ሲለጋ መርማሪዋ ወደ እናቷ ጠጋ አለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«እማዬ!»

እናቷ ያልቆሸሸ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ከጉንፋኑ ወዲህ። ሽንኩርት የለ፣ ሳሙና የለ፣ የናንተ ጠረን እንኳን የለም።» ድምጿ ሰለለ። «ዛሬ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል ስል…»

«ሐኪም አይቶሻል?»

«ሐኪም ካየኝማ ወሬው ሥራ ቤት ይደርሳል። አለቃዬ ዋና ሼፍ ላድርግሽ እያለችኝ ባለበት ሰዓት! አፍንጫው የማይሠራ ሼፍ ማን ይፈልጋል? አንሶላ ማጠቢያ ነው የምትወረውረኝ።» የልጇን ክንድ ያዘች። «በሞቴ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። እጠነቀቃለሁ።»

«በምንሽ?»

እናቷ የያዘችውን ክንድ ለቀቀች።

መርማሪዋ ሼፍነቱ ለእናቷ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ የሼፍ ኮፍያው ገና ሳይሰጣት መስታወት ፊት ፎጣ ራሷ ላይ ጠቅልላ ስትለማመድ አይታታለች። ግን ሌላም ነገር ታውቃለች። ንጋት ላይ የዚያን ትልቅ ወጥ ቤት በር የምትከፍተውና ምድጃዎቹን የምትለኩሰው እናቷ ናት፤ ያውም ብቻዋን። ከላይ ፎቁ ላይ እንግዳ ተኝቷል። ብትናገር እናቷን መክዳት ነው፤ ዝም ብትልስ? ተናደደችባትም፣ አዘነችላትም፣ ፈራችላትም፤ ሁሉም ባንዴ።

«ግቡ» ያለችው መርማሪዋ ናት፤ ሽታው ጨርሶ እስኪለቅ ከደጃፉ እየተመላለሰች አሽትታ። እናቷ እስከዚያ ድረስ በገዛ ቤቷ በር ላይ እንደ እንግዳ ቆማ ጠበቀች።

ጎህ ሲቀድ እናቷ ጫማዋን አድርጋ ልትወጣ ስትል ልጇ ለባብሳ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«ወዴት ነው አንቺ?»

«ካንቺ ጋር። በሩን ስትከፍቺ ላሽትትልሽ።»

«አበድሽ እንዴ? ትምህርትሽስ?»

«አረፍዳለሁ።»

«ነገስ?»

«ነገም አረፍዳለሁ። አልናገርብሽም እማዬ፤ ብቻሽን ግን እሳት አትጭሪም።»

እናቷ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ቁጣው ግን አልመጣላትም። ተያይዘው ወጡ።

በሆቴሉ ጓሮ ዞረው ወጥ ቤቱ በር ላይ ደረሱ። እናቷ ቁልፉን ከተተችው፤ አላዞረችውም። ማዶ የአለቃዋ ቢሮ መብራት በርቷል። እሱን አየች፤ ልጇንም አየች። ከዚያ ቁልፉን መልሳ አወጣችና የልጇ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«ያዥልኝ። እኔ ሳልመጣ ለማንም እንዳትሰጪ።»

«ምን ልትያት ነው?»

«እንጃ። እዚያ እስክደርስ ይመጣልኛል» ብላ ፀጉሯን አስተካክላ ሄደች።

መርማሪዋ ቁልፉን ጨብጣ ጎንበስ አለችና በበሩ ሥር አሸተተች። ምንም የለም። ማዶ እናቷ የቢሮውን በር ስታንኳኳ ተሰማት። እንደገና ጎንበስ ብላ አሸተተች።