ታናሼ ብላ ጠራችኝ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በራሴ ላይ የደረሰውን ነው የምነግራችሁ... የጨመርኩትም የቀነስኩትም የለም።

ጨለማ አልነበረም። መብራት አልጠፋም። ውሻም አላላዘነም።

ሐሙስ ቀን ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ከምሳ ወደ ሥራ እየተመለስኩ ነበር...

ግን መጀመሪያ እዚያ ከተማ ምን እንደወሰደኝ ልንገራችሁ።

ሥራዬ የመነጽር ሌንስ መቁረጥ ነው። ሐኪሙ ቁጥሩን ይጽፋል፣ እኔ ሌንሱን በማሽን እሞርድና ፍሬሙ ላይ እገጥማለሁ። እናታችን ካረፈች በኋላ የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነበር። እህቴ፣ ባሏ፣ ሦስት ልጆቿ፣ እኔ... ሁለት ክፍል ውስጥ። ማንም ውጪልን አላለኝም። ግን ሳሎን የሚተኛ ሰው ሌላው ሳይነሳ ፍራሹን ማጠፍ አለበት። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠፍኩ።

ስለዚህ ከሌላ ክልል የሥራ ማስታወቂያ ሳይ አላቅማማሁም።

እህቴ ስትሸኘኝ ሻንጣዬን ይዛ አልለቅም አለች።

"እዚያ ሄደሽ ደግሞ እንደ ልማድሽ አፍሽን ለጉመሽ ቁጭ በይ አሉሽ! ጎረቤት ካለ ሰላም በይ። ሰምተሻል?"

"እሺ እትዬ።"

ሄድኩ። አፌንም ለጉሜ ቁጭ አልኩ።

ምን ላድርግ? አፌን በከፈትኩ ቁጥር "ከየት ነሽ?" ይሉኛል። ቋንቋው ያው የራሳችን ቋንቋ ነው። ግን እኔ የማጠብቀውን እነሱ ያላሉታል። እኔ የምስቅበት ላይ እነሱ ዝም ይላሉ። ሱቅ ሄጄ ሳሙና ስጠይቅ ባለሱቁ አነጋገሬን እየደገመ ይስቃል። ክፋት የለበትም። ከዚያ ወዲህ ግን የምፈልገውን በጣቴ ማሳየት ጀመርኩ።

መነጽር ቤቱ ውስጥ ሦስት ነን። ባለቤቱ፣ ደንበኛ የምትቀበለው ልጅ፣ እና እኔ። እነሱ አሥር ዓመት አብረው ሠርተዋል። ቀልዳቸው ሁሉ ከመሃል ነው የሚጀምረው። "ያ ሰውዬ ደግሞ..." ይላል አንዱ፣ ሌላዋ በሳቅ ትወድቃለች። እኔ ጓዳ፣ ከማሽኑ ጎን ምሳዬን እበላለሁ።

የተከራየኋት ክፍል ከኮሪደሩ ጫፍ ነበረች። ቅዳሜ ከሰዓት ገብቼ በሩን ከዘጋሁ እስከ ሰኞ ጠዋት የራሴን ድምፅ አልሰማም። ሰኞ "እንደምን አደራችሁ" ስል ድምፄ ይሰነጠቃል።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

ከዚያ ያ ሐሙስ...

አንዲት ሴት ግቢዋ በር ላይ ቆማ ምንጣፍ ታራግፋለች። በእኔ ግምት አርባ ይሆናታል። ስታየኝ እጇ አየር ላይ ቀረ።

"ታናሼ?"

ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም የለም።

"ታናሼ... መጣሽ?"

ምንጣፉን እዚያው ጥላ አቀፈችኝ። ጥብቅ አድርጋ። ትከሻዬ ላይ አለቀሰች።

ይገባችኋል አይደል? ሦስት ሳምንት ሙሉ የሰው እጅ ነክቶኝ አያውቅም።

"ተሳስተሻል" ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት።

ዝም አልኳት።

"በይ ሂጂ፣ ሥራ ይረፍድብሻል" አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። "እሁድ ግን እንዳትቀሪ። እማ ዓይኗ እስኪጠፋ ነው የጠበቀችሽ።"

ጥግ ላይ ከደረስኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ...

ሥራ እንዳለኝ አልነገርኳትም።

እሁድ አልሄድም ብዬ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ልብሴን አጠብኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ግድግዳውን አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሯን አንኳኳሁ።

ቤቱ ንጹሕ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሰሃን ተደርድሯል። መስኮቱ ሥር አንዲት አሮጊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ነጭ ሆኗል። እጄን ያዙ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሱ... ምንም ሳይሉ ለቀቁኝ።

"ትዝ ይልሻል?" አለች ሴትየዋ ሻይ እየቀዳች። "ድመቷን ላወርድ ብለሽ ግንቡ ላይ ወጥተሽ... ድመቷ ወረደች፣ አንቺ ቀረሽ! አባባ መሰላል ይዞ እስኪመጣ ድረስ ጎረቤቱ ሁሉ ሲያይሽ!"

በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ ከልቤ ነው የሳቅኩት። አንድ ሰው በመጨረሻ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀልድ ነገረኝ።

በሚቀጥለው እነግራታለሁ አልኩ።

በሚቀጥለውም አልነገርኳትም። በየእሁዱ ሄድኩ። "ታናሼ!" ትለኛለች ከጓዳ፣ "አቤት!" እላለሁ ከሳሎን። አንድ ቀን ሳላስበው "እሺ እትዬ" አልኳት። ያ ቃል የእህቴ ነበር። ከእህቴ ሌላ ማንንም እትዬ ብዬ አላውቅም።

ከዚያ ትንንሽ ነገሮች መጡ...

ባለሱቁ መሳቅ አቆመ። ሳሙና በአፌ ጠየቅኩት፣ ቀና ሳይል ሰጠኝ።

መነጽር ቤት ደንበኛ የምትቀበለው ልጅ አፍጥጣ አየችኝ። "ለካ የዚህ ሰፈር ልጅ ነሽ? አነጋገርሽ ቁርጥ የእኛ አይደል እንዴ!"

ደስ አለኝ። አዎ... ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ባለቤቱ መሰላል ላይ ቆሞ አምፖል ሲቀይር፣ "እኔ ልጅ ሆኜ ግንብ ላይ ቀርቼ፣ አባባ በመሰላል ነው ያወረደኝ" አልኩት። ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ አሳቅኋቸው።

ወደ ማሽኔ ተመልሼ ሌንስ እየሞረድኩ... እጄ ቀጥ አለ።

እኛ ቤት ግንብ አልነበረም።

አባቴን አላውቀውም። ሳልወለድ ነው የሞተው።

ግን መሰላሉ ዓይኔ ላይ አለ። ሰማያዊ ነው። ሦስተኛው እርከን ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። ይህን ደግሞ ማንም አልነገረኝም።

የዚያን ቀን ለእህቴ ደወልኩ። ለሦስት ሳምንት አልደወልኩላትም ነበር።

"ሃሎ?"

"እኔ ነኝ።"

"ማን ልበል?"

"እኔ ነኝ እትዬ!"



"ድምፅሽ ምን ሆኗል?" አለች ቀስ ብላ። "ደህና ነሽ አንቺ?"

ጉንፋን ነው አልኳት።

ስድስተኛው እሁድ ላይ ሴትየዋ ስኳር አልቆባት ወጣች። "መጣሁ፣ ክፍልሽ ገብተሽ ነጠላ ጫማ አድርጊ፣ ወለሉ ይበርዳል" አለችኝ።

ክፍልሽ የምትለው ትንሿን ክፍል ነው። አልጋ አንጥፋበታለች። ጎንበስ ብዬ ከአልጋው ሥር ነጠላ ጫማ ስፈልግ ሌሎች ጫማዎች አገኘሁ። በረድፍ ተደርድረዋል። ሁሉም የሴት። ሁሉም የተወለወሉ።

አንዱን አነሳሁ። ሠላሳ ስድስት ቁጥር።

ሌላውን... አርባ አንድ።

ሌላው... ሠላሳ ስምንት።

የአንድ ሰው እግር እንዲህ ይለያያል?

"ሄደች?"

ደንግጬ ዞርኩ። አሮጊቷ ናቸው፣ ከሳሎኑ መስኮት ሥር። በስድስት ሳምንት ውስጥ ድምፃቸውን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

"አዎ እማማ።"

"ነይ። ቅረቢ።"

ቀረብኩ። እጄን ያዙኝ።

"አንቺ እሷ አይደለሽም" አሉ በሹክሹክታ።

ክው አልኩ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ... ልነግራት ነበር፣ እውነቴን ነው..."

"ያለፈችውም አልነበረችም። ከዚያች በፊት የነበረችውም።"

"ታዲያ ለምን አይነግሯትም? ልጅዎ አይደለች?"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

"እኔም እናቷ አይደለሁም።"

...

"ክር እያዞርኩ ልሸጥ ነው የመጣሁት። ከሩቅ። እዚህ በር ላይ ቆሜ 'ክር!' ስል ወጣችና 'እማ' አለችኝ። ሰው ካናገረኝ ስንት ጊዜዬ... ዝም አልኳት።"

"መቼ ነው ይሄ?"

"ያኔ ዓይን ነበረኝ።"

"ቤተሰብ የለዎትም?"

"ነበሩኝ።"

የውጪው በር ሲጢጥ አለ። እጄን ይበልጥ ጨበጡት።

"ንገሪኝ ቶሎ። ስትጠራሽ 'አቤት' ብለሻት ታውቂያለሽ?"

"በየእሁዱ" አልኳቸው።

እጄን ለቀቁት። በቃ... የያዙትን ነገር ሰው ተስፋ ቆርጦ እንደሚያስቀምጠው።

ሴትየዋ ስኳሩን ይዛ ገባች። እየሳቀች ነው። "ምን ትንሾካሾካላችሁ እናትና ልጅ?"

"ምንም" አሉ አሮጊቷ። "ስለ ድመቷ ነው።"

ሻዬን ጠጣሁ። እስከ አተላው።  ከዚያ "ነገ ሥራ አለኝ" ብዬ ተነሳሁ። ግቢው በር ድረስ ሸኘችኝ። ጉንጬን ሳመችኝ።

"እሁድ፣ ታናሼ።"

አልመልስም ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ።

"እሺ እትዬ።"

መንገድ ላይ እየሮጥኩ ለእህቴ ደወልኩ። "ነይ ውሰጂኝ" አልኳት። ሌላ ምንም ማለት አልቻልኩም። እሷም አልጠየቀችኝም።

ማክሰኞ ከሰዓት ደረሰች። እግሯ እስኪያብጥ ተጉዛ፣ ልጆቿን ባሏ ላይ ጥላ። ኮሪደሩ ጫፍ ቆማ ክፍሌን አየችው።

"ይሄ ነው ቤትሽ? እኔ ቁም ሣጥን መስሎኝ እኮ ልብሴን ልሰቅል ነበር!"

አቅፌያት አለቀስኩ። እሷም ፀጉሬን እየዳበሰች፣ "ከስተሻል፣ ጠቁረሻል፣ ደግሞ ሻሽሽን ማን ነው እንዲህ ያሳሰረሽ?" እያለች ተቆጣችኝ። እሷው ናት። እህቴ። የጎደላት ምንም የለም።

መነጽር ቤቱን በስልክ ተሰናበትኩ። ረቡዕ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርን። እኔ መስኮት ጋ፣ እሷ ከጎኔ። ወደ መናኸሪያ ስንሄድ በዚያች ሴት በር አልፈን ነበር። ተዘግቷል። ማንም አልነበረም።

እህቴ መንገዱን ሁሉ አወራች። ትንሹ ልጇ ሬዲዮ መፍታቱን። ባሏ ሬዲዮውን ሲገጥም ሦስት ብሎን መትረፉን። ሬዲዮው ግን ከበፊቱ ይልቅ ጥሩ መናገሩን። እኔ እስቃለሁ። ጭንቅላቴን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጌ እስቃለሁ።

"ሳሎን ውስጥ መጋረጃ አስደርጌልሻለሁ" አለችኝ ድንገት፣ ወደ እኔ ሳታይ። "ጠዋት ፍራሽ ማጠፍ የለም። እስከፈለግሽ ተኚ።"

ለካ ታውቅ ነበር...

እኩለ ቀን ላይ አውቶቡሱ ለእረፍት ቆመ። አንዲት ሱቅ፣ ከኋላዋ ባዶ ሜዳ። ሌላ ቤት አይታይም።

"ውሃ ላምጣልሽ" አለች እህቴ። "ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ። ደሞ ሌላ ክልል ሄደሽ እንዳትቀጠሪብኝ!"

ወረደች። በመስኮቱ አያታለሁ። ውሃውን ገዛች። መልሷን ቆጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ከሱቁ ጀርባ የአንድ ሰው እጅ ብቅ አለ።

እጅ ብቻ ነው የሚታየኝ። ነይ፣ ነይ እያለ ይጠራል።

እህቴ ዞር ዞር አለች። "እኔን ነው?" ብላ ደረቷን ነካች...

ከዚያ ፊቷ በራ። ለረጅም ጊዜ ያላዩትን ሰው ሲያዩ እንደሚሆነው።

ከንፈሯ "አቤት!" ሲል አየሁ። ወደ ሱቁ ጀርባ ዞረች።

"እትዬ!" መስኮቱን ደበደብኩ። መስታወቱ አይከፈትም። ተነስቼ መተላለፊያው ላይ ዕቃ የሚያወርዱትን ሰዎች እየገፋሁ ስታገል ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ተሳፋሪው እየተጋፋ ገባ፣ ወደ ወንበሬ መለሰኝ።

በመጨረሻ እሷም ገባች። ውሃዋን ይዛ። ነፍሴ መለስ አለች።

"የት ገብተሽ ነው? ልቤ ሊወጣ!" አልኳት።

ቆማ አየችኝ። በትሕትና። ፈገግ ብላ።

"ይቅርታ" አለችኝ። "እዚህ ጋ ሰው አለ?"

ቀልደኛ ናት፣ አሁን ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ።

አውቶቡሱ ተነሳ። ከጎኔ ተቀመጠች... ክርኗ እንዳይነካኝ ፈቀቅ ብላ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጭኗ ላይ ይዛ። የውሃውን ክዳን ከፈተች። ብቻዋን ጠጣች።