ስምንት ጥርስ በአምስት ቀን

በቤታችን ወረቀት ያለበት ነገር በመጣ ቁጥር እኔ እንደ ወንበር እቆጠራለሁ። ልጄ መነጽሩን ያደርጋል፣ የልጅ ልጄ ስልኳን ትከፍታለች፣ እኔ «አንቺ አይገባሽም እማዬ፣ አረፍ በይ» እባላለሁ። አርባ ዓመት የሴት ልብስ ስሰፋ አረፍ በይ ያለኝ አልነበረም። እሱን መነጽር እስኪያደርግ ድረስ ያስተማረው ያ መርፌ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እሺ። ጥርስ መቁጠር ግን ማን ይከለክለኛል? የልጅ ልጄ የተሰበረባት አንድ ጥርስ ነው። ሊሞርዱላት የተነሡት ስምንት ነው።

የልጅ ልጄን ሚጣ እላታለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷታል፤ ለእኔ ግን ሚጣ ናት። መናኸሪያ ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጣ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት በድምፅ ማጉያ የምትናገረው እሷ ናት። ድምጿን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ፊቷን የሚያውቀው ጥቂት ነው። በዘጠኝ ዓመቷ እኔ ስፌት ላይ ሳለሁ ከደረጃ ወድቃ የፊት ጥርሷ ተገመሰ፣ የቀረውም ጠቆረ። ከዚያ ወዲህ ሳቋ ሳይመጣ እጇ አፏ ላይ ይደርሳል።

ዘንድሮ መናኸሪያው መረጃ ክፍል ሊያዛውራት አሰበ። እዚያ መስታወት የለም፣ ሰው ፊት ለፊት ነው። «መጀመሪያ ጥርሴን» አለችና ሰፈራችን ካለው የጥርስ ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሙ አይቶ «አንድ የጥርስ ሽፋን ይበቃሻል» ካላት በኋላ የአፏን ልኬት ወስዶ፣ ለቀለሙ ደግሞ ጓሮ ወዳለው ጥርስ ሠሪ ላካት።

ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው እንዲህ በር አይዘጋም።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «መስኮት አጠገብ አስቀመጠኝ። አፌን አየና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እንደገና አየኝ፣ እንደገና አዞረ። አራት ጊዜ፣ እምዬ። እንዲህ የሚያስጠላ ከሆነ ምናለ ሌላ ሥራ ቢፈልግ?»

«መልኩስ ምን ይመስላል?»

«ምን አገባኝ መልኩ!»

እዚህ ላይ ጠረጠርኩ። ሴት ልጅ የጠላችውን ሰው መልክ ስትጠየቅ አፍንጫውንም ጆሮውንም ዘርዝራ ታወግዛለች። የምትዘለው ያየችውን ነው።

ሚጣ ወደ ክሊኒኩ አልተመለሰችም። አምስት ወር አለፈ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ልጄ አንዲት ሴት ይዞ መጣ። ራሷን «አገናኝ» ትላለች፤ በእኛ ጊዜ ደላላ ነበር የሚባለው። ባሕር ማዶ ጥርስ ለሚያሠሩ ሰዎች ቦታ ትይዛለች። የራሷ ጥርስ ከመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ተነቅሎ የተተከለ ይመስላል፣ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ያበራል።

«ስምንት ጥርስ በአምስት ቀን» አለች። «ሆቴሉ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ነው። ሐሙስ መነሣት፣ በሳምንቱ አዲስ ሰው ሆኖ መመለስ። እዚህ ለአንዱ የሚከፈለው እዚያ ለሦስት ይበቃል።»

ስልኳ ላይ የሴቶች ፎቶ አሳየችን። አንዷ ረዥም ፊት፣ አንዷ ክብ፣ አንዷ የእኔ እኩያ። ጥርሳቸው ግን አንድ ነው። ስድስት ሴቶች አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰው ካየሁ እኔ የምጠረጥረው ሰፊዋን ነው።

«ስምንት ለምን?» አልኩ። «የተሰበረው አንድ ነው።»

«እንዲመሳሰሉ ነዋ፣ እማማ።»

«ሰባቱ ደህና ናቸው።»

«ትንሽ ነው እኮ የሚሞረዱት።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

ሳቀች። ለጥያቄ በሳቅ የሚመልስ ሰው ጥርሴ ውስጥ ይገባል፤ እሷም ገባች። ልጄ ግን «እማዬ፣ አንቺ አይገባሽም» አለ። ሚጣ ፎቶዎቹን ዓይኗ እስኪደክም ታያለች። ከአገር ርቃ፣ ማንም በማያውቃት ቦታ፣ ማንም ፊቱን ሳያዞርባት። የፈለገችው ጥርስ ብቻ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ።

አገናኟን ስለጠረጠርኩ ያንን ጥርስ ሠሪ አመንኩ ማለት አይደለም። ሚጣን ያስቀየመ ሰው ዓይኑን አይቼ ልፈርድበት ሰኞ ጠዋት ሄድኩ። የራሴ አንድ የጎን ጥርስ ከተሸረፈ ቆይቷል፤ እሱን ሰበብ አደረግሁ።

ክፍሉ ከክሊኒኩ ጓሮ ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃው ሰው ለመግደል የተሠራ ነው። ውስጡ ጠባብ፤ አንድ መብራት፣ እንደ ስፌት መኪና የምታጉረመርም ትንሽ መሞረጃ፣ መደርደሪያ ሙሉ ከደንበኞች ልኬት የተቀረጸ የጀሶ አፍ። ወጣቱ እጅጌው እስከ ክርኑ በጀሶ ነጥቷል። ለራሴ ጀሶው ብዬ ስም አወጣሁለት።

«ይግቡ እማማ። ሐኪሙ ነው የላከዎት?»

«እግሬ ነው የላከኝ። ይሄን ጥርስ እይልኝ።»

መስኮት አጠገብ አስቀመጠኝ። እንደ ልብስ ቁልፍ ናሙና የተደረደሩ ጥርሶች አወጣና አንዱን ከጥርሴ ጎን ያዘው። አየ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ተመልሶ አየ። አሁንም አዞረ።

«አንተ» አልኩት፣ «ፊቴ ከቀፈፈህ ንገረኝ። እቤቴ መስታወት አለ፣ አዲስ ነገር አትነግረኝም።»

ክው አለ። «ኧረ በፍጹም እማማ! ዓይኔን እያሳረፍኩ ነው።» ግድግዳው ላይ የተቸነከረ ግራጫ ጨርቅ አሳየኝ። «ነጭ ነገር ላይ ዓይን ከቆየ ይዋሻል፣ ሁሉም ነጭ አንድ ይመስለዋል። ትንሽ ግራጫ አይቼ ስመለስ ነው ልዩነቱ የሚታየኝ። ለአንድ ጥርስ ሦስት አራት ጊዜ እዞራለሁ።»

እኔ ራሴ ክር ከጨርቅ ሳመሳስል ደጅ ወጥቼ አስፋልቱን አይቼ እመለስ ነበር። ደንበኞቼ ያበድኩ ይመስላቸው ነበር። ይሄ ልጅ ሥራውን ያውቃል።

ሥራውን ማወቁ ግን ጨዋ አያደርገውም። እያየሁት ዓይኔ ወደ መደርደሪያው ሄደ። ሌሎቹ የጀሶ አፎች ተደራርበዋል፤ አንዱ ብቻ ለብቻው፣ አቧራ ሳይነካው ተቀምጧል። የፊት ጥርሱ ተገምሷል። ያንን አፍ ከወተት ጥርሱ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«የልጄ አፍ እዚህ ምን ይሠራል?»

ከጀሶው በላይ ነጣ። «የመናኸሪያዋ... የእርስዎ ልጅ ናት?»

«ጥያቄዬን መልስ።»

«ደንበኛ ሳይመለስ ሲቀር ሁለት ወር ጠብቀን እንሰብረዋለን።»

«የሷ ስንት ወር ሆነው?»

«አምስት።»

«መዶሻ ጠፋ?»

ወደ ግራጫው ጨርቅ ዞረ። አሁን የሚያሳርፈው ዓይኑን እንዳልነበር ለማወቅ ትምህርት ቤት መሄድ አያስፈልግም።

የባሕር ማዶውን ነገር ነገርኩት። «ስምንት» ስል የያዘውን አስቀመጠ። ቀደምኩት፤ «በል እንግዲህ፣ አትሂድ በል። ገበያህ እንዳይሄድብህ።»

«አትሂድ አልልም፣ እማማ» አለ ቀስ ብሎ። «እዚያ ከእኔ የሚበልጡ ሠሪዎች አሉ። ሥራቸውን አይቼ የቀናሁባቸው አሉ። የተበላሸም አይቻለሁ።» መሳቢያ ከፈተ፤ የተሰነጠቁ፣ የተነቀሉ ሽፋኖች። «እነዚህ ከዚያ የመጡ ናቸው። እነዚህ ከዚሁ ከተማ። ይሄኛው የራሴ ነው፤ ንክሻውን፣ የላይና የታቹን መግጠሚያ፣ ተሳስቼ በወሩ ተሰበረ።»

ጥፋቱን ከሰው ጥፋት ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ብዙ አላየሁም። ግማሹን አመንኩት። ግማሹን ያዝኩ።

«የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም» አለ። «በአምስት ቀን ሲጣደፉ ድድ እስኪያርፍ አይጠበቅም። ንክሻው ልክ አለመሆኑ በስድስተኛው ቀን ቢታወቃት አውሮፕላን ላይ ናት። እዚህ ያለ ሐኪም ደግሞ ከምን እንደተሠራ ሳያውቅ ለመንካት ይፈራል። ይጠይቁ፤ ጥሩዎቹ ይመልሳሉ።» አራት ጥያቄ ጽፎ ሰጠኝ።

ወረቀቱን ለሚጣ ሰጠኋት። አንብባ ቀና ስትል ጉንጯ ቀልቷል።

«እሱ ጋ ሄድሽ? ያ ሰው እኮ ተጸይፎኛል።»

የጨርቁን ነገር ነገርኳት። ወረቀቱን አጥፋ መልሳ ዘረጋችው። ከዚያ፣ «አንቺን ለማባበል የፈጠረው ቢሆንስ?»

ከእኔ ነው የወጣችው፣ በቀላሉ አታምንም። ማክሰኞ አብረን ሄድን። እኔ ጥግ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ አልተቀመጠችም። መጀመሪያ ግድግዳውን አየች፣ ከዚያ መደርደሪያውን፣ በመጨረሻ እሱን።

«ለምን አልሰበርከውም?»

«ትመለሻለሽ ብዬ።»

«በየቀኑ በመናኸሪያችን ታልፋለህ አሉ። ድምፄን እየሰማህ አንድ ቀን መስታወቱን ማንኳኳት አቃተህ?»

«አንኳኩቻለሁ።»

«መቼ?»

«ከሦስት ወር በፊት። አንገቴ ላይ ሻርፕ ነበረ፣ አላወቅሽኝም። እጅሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ‹ትኬት ሁለተኛው መስኮት ነው› አልሽኝ። የናቅሽኝ መሰለኝ።»

ልትመልስ ስትል እጇ እንደ ልማዱ ተነሣ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። እሱ አየው። ፊቱን አላዞረም። መሞረጃዋ ባዶዋን ትዞራለች፣ የሚያጠፋት ጠፋ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ ምንም የሌለበትን ጣሪያ ማየት ጀመርኩ።

«የማሳርፈው ዓይኔን ነበር» አለ በመጨረሻ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አላረፈም።»

«ይሄን ለስንቷ ደንበኛ ብለሃል?» አለች። ደግ አደረገች። እኔም ልጠይቀው ነበር።

«ለአንዷ። እሷም አላመነችኝም።»

ሳትሰናበተው ወጣች። ደረጃው ላይ ግን ክንዴን ይዛ ለብቻዋ ፈገግ ስትል አይቻታለሁ።

ያን ዕለት ከሰዓት ጥያቄዎቹን ለአገናኟ ላከች። አገናኟ መጀመሪያ በስልክ ሳቀች፤ ሚጣ አብራ ሳትስቅ ስትቀር «እጠይቃለሁ» አለች። ረቡዕ መልሱ መጣ። ልጄ ጮክ ብሎ አነበበው። የሚሠራው ሐኪም ማነው? የዕለቱ ተረኛ። ራጅ ሳይታይ ስምንት እንደሚያስፈልግ በምን ታወቀ? ደንበኞች የሚመርጡት ስለሆነ። ቢሰበር ማን ያስተካክላል? እኛው፣ ተመልሳ በራሷ ወጪ ከመጣች። ከምን እንደተሠራ የሚገልጽ ወረቀት ይሰጣል? አልተለመደም።

ልጄ መነጽሩን አወለቀ። «ሌላ ክሊኒክ ሊኖር ይችላል» አለ።

«ይኖራል» አልኩ። «ስሙን የሚናገር ሐኪም ካገኘህ እኔው ራሴ ሻንጣዋን እሸክማለሁ። እዚህ ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው የሚሆነው፤ የፈሰሰ ጥርስ ደግሞ አይለቀምም።»

ሚጣ ስልኩን አነሣች። «አልሄድም» አለች። አገናኟ «ቦታሽን ለሌላ እሰጠዋለሁ» ስትል ከጎን ሆኜ «ለዚያችም ጥያቄዎቹን አብረሽ ስጫት» አልኩ። ስልኩ ተዘጋ።

አንዱ ጥርስ በሰፈራችን ክሊኒክ፣ በጀሶው እጅ ሦስት ሳምንት ፈጀ፣ ሁለት ጊዜ ተለካ። አሁን የትኛው እንደተሠራ ሊነግረኝ የሚችል ሰው የለም። ሚጣ መረጃ ክፍል ተቀምጣለች፤ ሰው መንገድ ቢጠይቃት ፊቱን እያየች ትነግረዋለች።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ጥርሱ ካለቀ ስድስት ሳምንት ሆኖታል፣ ሚጣ ግን በየረቡዑ ወደዚያ ደረጃ ትወጣለች። አንዴ «ሊያለሰልሰው ነው»፣ አንዴ «ንክሻው ትንሽ ቆንጠጥ ያደርገኛል»፣ አንዴ «ድዱን ሊያይልኝ ነው»። ጥርስ ሠሪ ድድ እንደማያይ ሐኪሙን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ትናንት ስድስተኛ ጊዜዋ ነበር። ዛሬ ጠዋት ጉልበቴን እየረገምኩ እኔው ወጣሁ።

ሲያየኝ ብድግ አለ። «እማማ፣ ምን ልታዘዝ?»

«አንተ ተቀመጥ፣ እኔ ቆሜ ነው የምናገረው። አንድ ቀሚስ ስድስት ጊዜ ለልክ ከተጠራ ወይ ሰፊው አይችልም፣ ወይ የፈለገው ቀሚሱን አይደለም። ጥርሱ ተበላሽቷል?»

«አልተበላሸም።»

«ንክሻው?»

«ልክ ነው።»

«እሷስ ልክ መሆኑን ታውቃለች?»

አንገቱን ደፋ፤ ከንፈሩ ግን አልታዘዘለትም። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቃለች።»

«ሁለት ዋሾ» አልኩ። «አሁን ስማኝ። ሥራህ መጥፎ ከሆነ አፍርሰህ ሥራ፣ እንደገና ይለካ። ጥሩ ከሆነ ልጄን በጥርስ ሰበብ ደረጃ ማስወጣት ይብቃ። እሑድ ከቀትር በፊት ያንን እጅጌህን አራግፈህ ቤታችን ትመጣለህ፣ ምን እንደምትፈልግ በእኔና በአባቷ ፊት ትናገራለህ። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? አሁን መልስልኝ፤ ሳትመልስልኝ ከዚህ አልወርድም።»