የእሳት መቀነት

ለታንቹ መንደር ሕዝብ በከበሮ የታወጀው ይህ ነበር፦ ዝናብ እስኪጥል ድረስ ማንም ሜዳ ላይ እሳት አያነድም፤ ኦቾሎኒ እንኳ አይቆላም፤ የተላለፈ ለአለቃው አንድ ፍየል ይከፍላል።

በአሥራ አምስተኛው ቀን አዋጁን የሚያስከብረው የእሳት ጠባቂ ዚየም በተቃጠለ ሣር መሀል ሞቶ ተገኘ።

ሳጅን ፖግሳ ስትደርስ መንደሩ ፍርዱን ጨርሶ ነበር። ከብት አርቢው ዲኮ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ከኋላው ዱላ የያዙ ጎልማሶች ቆመዋል።

«እሳቱን የለቀቀው እሱ ነው» አለ የአለቃው ወንድም ባዮር። «ዚየም ሊያጠፋ ገብቶ ጭሱ ጣለው። ልጄ፣ ወይ አንቺ እሰሪው፣ ወይ እኛ እንገላግልሽ።»

«የእርስዎ ማሽላስ እንዴት ተረፈ?»

«መቀነት አለዋ!» እሳት እንዳይሻገር እርሻው ዙሪያውን የተቃጠለውን ጥቁር መሬት አሳያት። «ከአዋጁ በፊት ነው ያቃጠልኩት፤ እንደ ሁሉም ሰው።»

«አንተስ፣ ዲኮ?»

«ሣር የከብቶቼ ራት ነው። ራቱን የሚያቃጥል አይተሽ ታውቂያለሽ፣ እትዬ?»

«አፍ አለው ደግሞ!» አለ አንዱ ባለዱላ።

ሳጅን ፖግሳ ተንበርክካ ሬሳውን ገለበጠችው። ከዚያ የወደቁትን የሣር አገዳዎች እያየች እስከ ባዮር እርሻ ሄደች፤ የጎረቤቶቹንም ዞረች። ተመልሳ ሁሉንም ከአንድ ዛፍ ሥር ሰበሰበች።

«ዚየም የወደቀው ከእሳቱ በፊት ነው፤ ከሥሩ ያለው ሣር አልተቃጠለም። ጭስ ደግሞ ማጅራት አይፈነክትም። እሳት አገዳን በመጣበት በኩል ይበላዋል፤ አገዳውም ወደዚያው ይወድቃል። ሁሉም የወደቁት ወደ ባዮር እርሻ ነው።»

«ነፋስ ነው የጣላቸው!»

«መቀነትዎንም ነፋስ አቃጠለው? የተቃጠለ ሣር ያለ ዝናብም ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ የጎረቤቶችዎ መቀነት ጣት የሚያህል ለምለም ሣር አብቅሏል፤ ፍየል እየጋጠው ነው። የእርስዎ ላይ አንዲት ቅጠል የለም። ያቃጠሉት ትናንት ነው። ዚየም ደረሰብዎት፤ መቱት፤ ሬሳውን ሊሸፍኑ ሣሩን ለኮሱ።»

ባዮር ወንድሙን አየ። አለቃው መሬት መሬቱን አየ።

«ፍየል አምጣ አለኝ» አለ ባዮር። «እኔን፣ የአለቃውን ወንድም!»

ካቴናው ሲዘጋ አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ ሰው አዋረደን። ከእሱ በቀር በዚህ መንደር ከአዋጁ ወዲህ ክብሪት የጫረ እጅ የለም። ሽማግሌዎች ይመስክሩ።»

«የለም!» አሉ ባንድ ድምፅ።

ያኔ ነፋሱ የጭስና ያረረ ኦቾሎኒ ሽታ ይዞ መጣ።

«የማን ነው?» ያለ አልነበረም። አንዱ ወደ ወንዙ፣ አንዱ ወደ ጉብታው፣ ባለዱላዎቹም ዱላቸውን ጥለው፣ እያንዳንዱ ወደየራሱ እርሻ ሮጠ። አለቃው ቀሚሱን ሰብስቦ ሁሉንም ቀደማቸው።

ካልታሰሩት መሀል ከተቀመጠበት ያልተነሣው ዲኮ ብቻ ነበር።