የወንዳፈረው ቀበቶ

«አስሮ ነበር አልኩ እኮ! የፈታሁለት በዚህ እጄ ነው!»

«አትጩህ ዕንባቆም፣ ሬሳው አይነቃልህም» አለች ኢንስፔክተር ሙሉነሽ፣ ማስቲካዋን እያላመጠች።

መካኒኩ ጠና ካቴና አጥልቆ፣ አፍንጫዋ የተጨፈለቀች ቪትዝ አጠገብ ቆሟል። ጥፋቱ አንድ ነው፤ ባለፈው ሳምንት የመኪናዋን የደህንነት ቀበቶ ቀየረ። አሁን ባለቤቷ ወንዳፈረው አናቱ ተፈርክሶ ሞቷል። ይነዳ የነበረው ወንድሙ ዕንባቆም ደግሞ ይምላል፤ ከአንጋጫ ሲመለሱ በመኪናው ሬዲዮ ጎል ሲባል ደንግጦ ዛፍ ገጨ፣ የጠናም ቀበቶ አልያዘም። የሟች ሚስት ዮዲት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ትነፋረቃለች።

«እትዬ፣ ቀበቶው ደህና ነበር» አለ ጠና። «በዚህ እስር ቤት ልበስብስ?»

«አንተ ዝም በል፣ ጉድህን ልይ።»

ሙሉነሽ የሟችን ቀበቶ ቀስ ብላ ሳበችው፤ ተሳበላት። ድንገት መነጨቀችው፤ ቀጥ!

«ቀስ ስትለው ይለቅሃል፣ ስትወረወር ግን ይነክስሃል። ሸሚዝህን ክፈት፣ ዕንባቆም።»

ከትከሻው እስከ ሆዱ የበለዘ ሰምበር ተጋድሟል።

«አንተን ነክሶሃል። ቀበቶህም ተፍቋል፣ እየው። የወንዳፈረው ግን እንደ ሙሽራ መቀነት ንጹሕ ነው።»

ጠና የታሰሩ እጆቹን ወደ ሙሉነሽ ዘረጋ።

«እ… እንግዲያ አላሰረም ነበር» አለ ዕንባቆም።

«አሁን በእጄ ፈታሁት ስትል አልነበር? እሺ፣ ካላሰረ መስታወቱን በግንባሩ ይበሳው ነበር። በሱ በኩል ጭረት የለም! ስትገጭ ወንበሩ ባዶ ነበር፤ ወንድምህ ከኋላ እንደ ድንች ጆንያ ተጭኖ ነበር። ከገጨህ በኋላ ጎትተህ አስቀመጥከው፣ ጥፋቱን ጠና ላይ ልትለጥፍ ደግሞ አሰርከው።»

«ኳስ እየሰማን ነው የገጨነው! በመስቀሉ!»

«ትናንት እዚያ ዛፍ ስር በሬዲዮ ሞክሬዋለሁ፤ ሹሹታ ብቻ! ኤፍኤም እንደ ባትሪ መብራት ፊት ለፊት ነው የሚሄደው፣ ተራራ አይዞርም። ጎሉ የሚሰማው ከዛፉ በላይ ካለው ኮረብታ አናት ላይ ነው። እዚያም ደም ያለበት የጎማ መፍቻ አገኘሁ። እዚያ ቆማችሁ ስትሰሙ እሱ ጎል ብሎ ሲዘል፣ አንተ ከኋላ ፈለጥከው።»

የጠናን ካቴና ፈታችና ዕንባቆም ላይ አጠለቀችው። ዕንባቆም ወደ ዮዲት ዞረ።

ዮዲት ነጠላዋን ከአፏ አወጣች። እንባዋን ጠረገች።

«ይሄ ሰውዬ በሕይወቱ ቀበቶ አስሮ አያውቅም፣ እንዳታስረው አላልኩህም፣ አንተ ደደብ!»