የሞቀው ቦይለር

ማርሊስ እጇን ከቦይለሩ ላይ መንጭቃ አነሳች። እንደገና በመዳፏ ነካችው። አልተሳሳተችም፣ ሙቅ ነው።

በመኪና የምትጎተተው ተሳቢዋ የሽርሽር ቤት ከሐይቁ ዳርቻ ከተመለሰች ስድስት ሳምንት ሆኗታል። ከእህል ጎተራዎቹ ጀርባ ቆማ የበረዶውን ወራት ከመጠበቅ በቀር ሥራ የላትም። ታዲያ ማን ነው ውሃ ያሞቀባት?

ሥራውን የሰጣት አባቷ ኦረስት ነው፤ ዛሬ ጠዋት ኮምባይነሩ ላይ ሊወጣ ሲል።

«ዛሬ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች አሥራ ሁለት ይደርሳል አሉ። እኔ የመጨረሻውን ማሳ ሳልጨርስ አልወርድም። ቤቷን ለበረዶ አንቺ አዘጋጂያት። ስንት ዓመት አጠገቤ ቆመሽ አይተሽ የለ?»

«ባበላሸውስ?»

«በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ ቱቦው ፈንድቶ እናየዋለና!» ብሎ ሳቀ።

ማርሊስ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። በአሥራ አራት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ታመነች። ሥራውን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ውሃውን ማፍሰስ፣ የቦይለሩን መግቢያ መዝጋት፣ ከዚያ በረዶ የማይደፍረውን ሮዝ ፈሳሽ በፓምፕ እየገፉ በየቧንቧው እስኪወርድ መጠበቅ፣ በመጨረሻም ባትሪውን ነቅሎ ምድር ቤት ማስገባት። ቦይለሩን መዝጋት የረሳ ሰው ስድስት ጀሪካን ፈሳሽ ለቦይለር ሆድ ይገብራል። አባቷ ከሁለት ዓመት በፊት ገብሯል፤ እስከ ዛሬ ግን ጥፋቱን በፓምፑ ያሳብባል።

አሁን ዙሪያዋን በደንብ አየች። የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ሻይ የተጠጣበት ስኒ አለ። ወንበሩ ላይ ብርድ ልብስ ተጣጥፏል። ሌባ ይሆን ብላ ደነገጠች። ከብርድ ልብሱ ሥር ግን የእናቷን ሹራብ አገኘች፣ ከበሩ ጥግ ደግሞ የእናቷን የቤት ጫማ።

የጓደኛዋ የቴስ እናት ቤት ጥላ የሄደች ጊዜ ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነበር፤ ዛሬ ሹራብ፣ ነገ ጫማ። ግን እናትና አባቷ ትናንት ማታ አብረው እየሳቁ ዕቃ ሲያጥቡ አይታቸዋለች። ነገሩ አልገባ አላት።

አይጥ እንዳይገባ ምግቡን ልታወጣ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት ብስኩት አገኘች፤ ከብስኩቱ ሥር ደግሞ ያምናውን የሒሳብ መጽሐፏን። ጠርዙ ሁሉ በእናቷ እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል፤ ተጽፏል፣ ተሰርዟል፣ እንደገና ተጽፏል። ማርሊስ ይባስ ግራ ተጋባች። ቤት ጥሎ የሚሄድ ሰው ሒሳብ ይሠራል እንዴ?

በሩ ተከፈተ። እናቷ ኮሪን ናት። ከምትሠራበት ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ስትመጣ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። መጽሐፉን ስታይ ፊቷ ቀላ።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«አባዬ ነው ያዘዘኝ። አንቺስ? ጥለሽን ልትሄጂ ነው?»

«ወዴት? በዚች ጎማዋ በተነፈሰ ቤት?» እናቷ ልትስቅ ብላ ተወችው። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «ለፈተና እያጠናሁ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉን። ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል።»

«ታዲያ ለምን ቤት አታጠኚም?»

«የወደቅኩ ጊዜ አባትሽ በምስጋና በዓል ማዕድ ላይ ያለውን ረሳሽው?»

ማርሊስ አልረሳችም። «ኮሪን ሒሳብ ከምታልፍ ላሚቱ ኮምባይነር ብትነዳ ይቀላል» ነበር ያለው። አክስቶቿ በሳቅ ፈረሱ። ማርሊስም ስቃለች። አሁን አፈረች።

«ውሃውን አፍስሺው፣ ሻይ በፔርሙስ አመጣለሁ» አለች እናቷ። «ባትሪውን ብቻ ተይልኝ። ያለሱ የክፍሉ ማሞቂያ አይነሳም። አባትሽ ከጠየቀ ምድር ቤት አስገብቼዋለሁ በይው።»

«ልዋሸው?»

«ሦስት ሳምንት እኮ ነው፣ የኔ ልጅ።»

ማርሊስ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሮዙ ፈሳሽ ከቧንቧው ሲወርድ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ እናቷ የትም አትሄድም። እሷ ግን ተናዳለች፣ በማን እንደተናደደች እንኳ አታውቅም። ባትሪው ውጭ ከከረመ ብርዱ ይገድለዋል። «ገባ» ብትል ደግሞ ያመናትን አባቷን ዓይኗን በጨው አጥባ መዋሸቷ ነው።

አባቷ ራት ላይ ቅንድቡ ገለባ እንደለበሰ ድንች የተሞላውን ፔሮጊ እየጎረሰ ይጠይቃት ጀመር።

«ቦይለሩን ዘጋሽ?»

«ዘጋሁ።»

«ሮዙ በሁሉም ወረደ? በሻወሩም?»

«በሁሉም።»

«ጎሽ! ባትሪውስ ገባ?»

የእናቷ ሹካ ቆመ።

«አልገባም» አለች ማርሊስ። «አሁን ሄጄ አመጣዋለሁ። ነገ ከሰዓት በኋላ መልሼ እወስደዋለሁ፣ ማታ ደግሞ አስገባዋለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲሁ።»

«ሃያ አምስት ኪሎ ነው እኮ! ለምን ሲባል?»

«አልነግርህም።»

አባቷ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሚስቱን አየ። የከንፈሩ ጥግ ወደ ላይ ሲነሳ ማርሊስ አወቀችው፤ ቀልድ ሊመጣ ነው።

«አባዬ፣ በዚህ ነገር እንዳትቀልድ።»

ከንፈሩ ባለበት ቀረ። እናቷ አንገቷን ደፍታለች፤ ትቆጣ ትደሰት ማርሊስ መለየት አልቻለችም። ጃኬቷን ለብሳ፣ ጓንቷን አጥልቃ ባትሪውን ልታመጣ ወጣች።