አሥራ አንደኛው ድምፅ

የምክር ቤት አባሉ ላስተን ሙኩካ ሞተው የተገኙት ድምፅ ሊሰጡ ሁለት ሰዓት ሲቀራቸው ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የምፑንዱ ከተማ ምክር ቤት የጽዳት ሠራተኛ የመዝገብ ክፍሉን በር ሲከፍቱ ሽማግሌው ሲሚንቶው ላይ በሆዳቸው ተዘርረው አገኟቸው። የድሮ ፋይሎች ዙሪያቸውን ተበታትነዋል።

ኢንስፔክተር ንካንዱ ሲያሜ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስትደርስ ግቢው በመኪና ተጨናንቋል። የመዳብ ኩባንያው ሁለት ነጫጭ ላንድክሩዘሮች፣ የፓርላማው አባል ጥቁር መርሰዲስ፣ ከዚያም ኩባንያው «ለልማት ሥራ» ብሎ ለከንቲባው የሰጠው አዲስ ፒካፕ። ሬሳው ያለበት ክፍል በር ላይ ግን ማንም አልቆመም። ትልልቆቹ ሰዎች ከንቲባው ቢሮ ገብተው ስብሰባው በሰዓቱ ይጀመር ወይስ አንድ ሰዓት ይገፋ እያሉ ይከራከሩ ነበር።

ንካንዱ ሃምሳ ዓመቷ ነው። አባቷ ሠላሳ ዓመት የመዳብ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሠርቶ ሳንባውን እዚያው ትቶ የወጣ ሰው ነበር። ሹም ሲገባ ቶሎ ብድግ የማለት ልማድ የላትም፤ በዚህም የተነሳ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ እርከን ሳታድግ ቆይታለች።

ተንበርክካ ሬሳውን አየች። ቁስሉ ማጅራታቸው ላይ ነው፤ ጠባብ ግን ጥልቅ። በፊታቸው የወደቁ ሰው ሆነው ግንባራቸውና አፍንጫቸው አልተጫረም። የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል መነጽራቸው ታጥፎ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ተቀምጧል። ያለ እሱ የራሳቸውን ስም እንኳ ማንበብ አይችሉም፤ ታዲያ ያን ሁሉ ፋይል በምን ዓይናቸው ሲያገላብጡ ነበር?

የምክር ቤቱ ጸሐፊ ኦስዋልድ ሲንጎምባ በሩ ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ቀጭን፣ ለሁሉም እሺ ማለት የለመደ ሰው ነው። ሟቹ ደም ግፊት ስለነበረባቸው ድንገት አዙሯቸው ወድቀው ይሆናል አላት። ስለ ስብሰባው ስትጠይቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። ኩባንያው ከካፍዊሪ ወንዝ በላይ የማዕድኑ መርዛማ ዝቃጭ የሚጠራቀምበት አዲስ ግድብ ሊሠራ ይፈልጋል። ከወንዙ በታች ያለው ሠፈር ደግሞ የሚጠጣው ያንኑ ውኃ ነው። ከአሥራ አንዱ የምክር ቤት አባላት አምስቱ፣ ከንቲባውን ጨምሮ፣ ከኩባንያው ጋር ናቸው። አምስቱ ይቃወማሉ። አሥራ አንደኛው ሙኩካ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ፣ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ መዝገብ ክፍል ገብተው ጋዜጣ የሚያነቡ ዝምተኛ ሰው።

«ምን ሊሉ እንደነበር ይታወቃል?»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ቁርጡን ተናግረዋል። ‹እኔ የምቀበረው ከወንዙ በታች ነው፤ የልጅ ልጆቼም የሚጠጡት እዚያው ነው› አሉ።»

«ለማን ነው የተናገሩት?»

«ለሁሉም። ከንቲባውም፣ የተከበሩ የፓርላማው አባልም፣ የኩባንያው ሚስተር ሬድፈርንም ነበሩ።»

ንካንዱ ሦስቱንም አንድ በአንድ አነጋገረች።

ከንቲባ ሪችመንድ ካፑቶ መሐረቡን ዓይኑ ላይ አድርጎ ጠበቃት። መሐረቡ ደረቅ ነበር። ማልዶ ቤቱ እንደነበረ፣ ከሩብ ጉዳይ ለሁለት ጀምሮ ደግሞ በኩባንያው እንግዳ ማረፊያ ከሁለቱ ሰዎች ጋር ቁርስ ላይ እንደነበረ፣ ወሬውንም እዚያው በስልክ እንደሰማ ነገራት።

«እኔና እሳቸው እንደ አባትና ልጅ ነበርን» አለ። «በዚያ ዕድሜያቸው መሰላል ላይ ምን አወጣቸው? ፋይል ቢፈልጉ ልጅ አይልኩም?»

ንካንዱ ቃሉን እንዳለ ጻፈችው።

የፓርላማው አባል ስታንስላውስ ካቤኬ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ነው ያናገራት። ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀው ሟቹ የየትኛው ፓርቲ ሰው እንደነበሩ ነው። የየትኛውም አለመሆናቸውን ሲሰማ ሐዘኑ አለቀ።

«እህቴ፣ ሽማግሌ በደም ግፊት ሞተ። ይኼ ለኢንስፔክተር ሥራ ነው? ኮሚሽነሩ ጓደኛዬ ነው፤ ልደውልለት?»

«ይደውሉለት። እስኪያነሳ ግን ጠዋት የት እንደነበሩ ይንገሩኝ።»

ካቤኬ ስልኩን አወረደ። ከማለዳ ጀምሮ እንግዳ ማረፊያው ነበር፤ ምግብ አብሳዮቹም ዘበኞቹም አይተውታል። ከንቲባው ዘግይቶ መጣ፣ በኩባንያው አውሮፕላን ለሚኒስቴሩ የሚላክ ፖስታ ሰጠው፣ እንቁላል በሉ፣ አለቀ። ፖስታው ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም፤ የሚያስይዙትን ወረቀት ሁሉ የሚያነብ ቢሆን ኖሮ ፓርላማ ባልገባ ነበር።

የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ሬድፈርን ሰዓቱን እያየ ተቀበላት። እሱም ከማረፊያው አልወጣም፤ ምስክሮቹ እነዚያው ናቸው።

«ኩባንያዬ ለዚህ ከተማ ክሊኒክ ሠርቷል፤ የኳስ ሜዳ ሠርቷል፤ የናንተን ጣቢያ እንኳ ቀለም የቀባነው እኛ ነን» አለ።

«ቀለሙ ተላጧል» አለችና ወጣች።

በማንጎው ጥላ ሥር የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ከተማው ሁሉ እንደ እናቱ ቆጥሮ ማዮ ፎሎሺና ይላቸዋል። ከጠዋት ጀምሮ ሃያ ሰው በፊታቸው አልፏል፤ አንድም ቃል የጠየቃቸው የለም። ንካንዱ ለእናት እንደሚደረገው ሁለት ጉልበቷን አጥፋ ሰላምታ ሰጠቻቸውና አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። በሩን ሲከፍቱ ያዩትን ቀስ ብለው እንዲነግሯት ለመነቻቸው።

«በሩ አልከፈት አለኝ» አሉ። «መሰላሉ ወድቆ ከውስጥ በግማሽ ዘግቶታል። ገፋ ገፋ አድርጌ በክፍተቱ ገባሁ። ይተነፍሱ እንደሆነ አንገታቸውን ነካሁ፤ ቀዝቅዘዋል። ከዚያ መሰላሉ ሰው እንዳያሰናክል ጎትቼ ጀርባ ካለው ዕቃ ቤት ከተትኩትና ዘበኛውን ጠራሁ።»

«ስለ መሰላሉ ለማን ነገሩ፣ ማዮ?»

«ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ?»

ንካንዱ ማስታወሻዋን ወደ ኋላ ገለጠች። ክፍሉ ውስጥ መሰላል አላየችም ነበር። ከማዮ ፎሎሺና በኋላ የገባ ሰው ሁሉ አላየም።

ዘበኛው መብራት በፈረቃው መሠረት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንደጠፋና እስካሁን እንዳልመጣ ነገራት። ጄኔሬተሩ ከፋሲካ ወዲህ ነዳጅ ቀምሶ አያውቅም። እሱ የዋናው በር ጠባቂ ነው፤ በኋላ በር የሚገባውን አያይም። የኋላውን በር ቁልፍ የያዙት ጸሐፊውና ከንቲባው ብቻ ናቸው።

ወደ ጸሐፊው ተመለሰችና የፖስታውን ነገር ጠየቀችው። ሲንጎምባ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ከዚያ ሁሉን አወጣው። በፖስታው ያለው የዛሬው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነው። ስብሰባው ከመደረጉ አንድ ቀን በፊት ከንቲባው አስጽፎታል። አሥራ አንድ አባላት ተገኙ፣ ሰፊ ውይይት ተደረገ፣ ስድስት ለአምስት ጸደቀ ይላል። ሙኩካ እምቢ ሲሉ ግን ከንቲባው ለጊዜው ተወው፣ ጠዋት እኔ ራሴ አስተካክዬ አትመዋለሁ አለው። ጸሐፊው የታመመ ልጁን ሐኪም ቤት አሳይቶ በሚኒባስ ሲመጣ ሁለት ሰዓት ከአሥር ሆኖ ነበር።

«ስንት ዓመት ሆነህ እንዲህ ስትጽፍ?» አለችው።

«ዘጠኝ» አለና አንገቱን ደፋ።

ንካንዱ ከመርሰዲሱ የኋላ ወንበር ላይ ፖስታውን አነሳች። ሾፌሩ ሊከለክላት ሞከረና ዓይኗን ሲያይ ተወው። ቆማ አነበበችው። ከዚያ ስብሰባው በሰዓቱ እንዲጀመር አዘዘች።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። አሥሩ አባላት በየወንበራቸው፣ ካቤኬና ሬድፈርን ከፊት በክብር ቦታ፣ ከንቲባው ከፍ ባለው የሰብሳቢ መቀመጫ ላይ። ማዮ ፎሎሺና ግድግዳውን ተደግፈው ሊቆሙ ሲሉ ንካንዱ የሙኩካን ባዶ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው።

«ላስተን ሙኩካ አልወደቁም» አለች። «በፊቱ የወደቀ ሰው ማጅራቱ አይፈነከትም። ፋይል የሚፈልግ ሰው መነጽሩን አጥፎ ኪሱ አይከትም። ከኋላቸው በከባድ ብረት ተመትተዋል፤ ከዚያ ነው ፋይሉ የተበተነው። ይህ የሆነው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከገቡ በኋላ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ሳይገኙ በፊት ነው። አሁን ይህን ስሙ።»

ወረቀቱን ዘርግታ አነበበች።

«‹ምክር ቤቱ ስብሰባውን የጀመረው በድንገተኛ አደጋ ለተለዩት ለአቶ ሙኩካ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት በማድረግ ነው። ክቡር ከንቲባው ልብ የሚነካ ንግግር አሰሙ። ብዙዎች አለቀሱ። ከዚያም በተገኙት አሥር አባላት ድምፅ ተሰጥቶ አምስት ለአምስት እኩል በመሆኑ፣ ሰብሳቢው ሕጉ በሚፈቅድላቸው ተጨማሪ ድምፅ ግድቡ ጸድቋል።›»

አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ።

«ይህ የታተመው በዚህ ሕንፃ መሣሪያ ነው፤ በምክር ቤቱም ማኅተም ተመትቷል» ብላ ቀጠለች። «መብራት የጠፋው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሬሳው የተገኘው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ማንም ስለ ሞታቸው ሳይሰማ በፊት ለነፍሳቸው ጸሎት ያደረገ ሰው አለ።»

ካቤኬ ወንበሩን ከከንቲባው ወደዚያ ሸሸት አደረገ።

«ጸሐፊው ነው የጻፈው» አለ ከንቲባው። «የሱ ሥራ ነው ቃለ ጉባኤ መጻፍ። ቁልፍም አለው።»

ከአባላቱ መካከል በገበያው ካፔንታ ዓሣ የምትሸጠው ላቭነስ ናካዝዌ እጇን አወጣች። ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሐኪም ቤት በር ላይም ሚኒባሱ ውስጥም ከጸሐፊው ጎን እንደነበረች ተናገረች። ልጁን ይዛለት ነው የመጣችው።

«ደግሞም» አለች ንካንዱ ወደ ከንቲባው ዞራ፣ «ጸሐፊው ሽማግሌው አዙሯቸው የወደቁ ነበር የመሰለው። የተከበሩም ደም ግፊት ነው ያሉት። ምክንያቱም ክፍሉ ውስጥ መሰላል አልነበረም። ማዮ ፎሎሺና ማንም ሳይገባ አውጥተውታል፤ ለማንም አልነገሩም። እርስዎ ግን ‹መሰላል ላይ ምን አወጣቸው› አሉኝ። መሰላሉን ያዩ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ያነሱትና የጣለው።»

ከንቲባው ማዮ ፎሎሺናን አያቸው። ሰባት ዓመት ቢሮውን ሲጠርጉ ኖረዋል፤ በቅጡ ያያቸው ግን ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

የከንቲባውን ፒካፕ እንዲፈትሽ የላከችው ፖሊስ ባልደረባዋ በዚህ መሃል ከውጭ ገባ። የምክር ቤቱ ከባድ የብረት ማኅተም ፒካፑ ውስጥ በፎጣ ተጠቅልሎ ተገኝቷል። ፎጣው ደም ነክቶታል።

«እንዲህ አልነበረም ያሰብኩት» አለ ካፑቶ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሄጄ ለመንኳቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጋዜጣቸውን አነሱ። ማኅተሙ እጄ ላይ ነበር። ይህ ድምፅ ካለፈ የሚቀጥለው የፓርላማ ወንበር ያንተ ነው ተብዬ ነበር።»

«የኔ ወንበር?» አለ ካቤኬ። የሚያስደነግጠውን ነገር በመጨረሻ ሰማ።

ያኔ ሚስተር ሬድፈርን ሳቀ። ጮክ ብሎ አይደለም፤ ሆቴል ውስጥ የተሳሳተ ምግብ እንደመጣለት ሰው ነበር። ቦርሳውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«የግድቡ ፈቃድ ይኸውና። ዋና ከተማ ከተፈረመ ሁለት ወር አልፎታል። ግድቡ ይሠራል፤ እናንተ እጃችሁን ብታወጡም ብታወርዱም። ይህ ስብሰባ ለጋዜጣ ፎቶ ነበር። ምስኪኑ ከንቲባችሁ በከንቱ ነው የገደለው።»

ካፑቶ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ለአንተ?» አለ ሬድፈርን። «ለምን ብለን?»

ንካንዱ ወረቀቱን አነሳች። ፊርማውንና ቀኑን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ ከቃለ ጉባኤው ጋር አንድ ላይ በፕላስቲክ ከተተችው።

«ሕጉ ምክር ቤቱ ድምፅ ሳይሰጥ ፈቃድ አይፈረምም ይላል» አለች። «የፈረመው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደፈረመ የሚጠየቅበት እንዲህ ያለ ማስረጃ ለዓመታት ስንፈልግ ቆይተናል። በዚህ ሁሉ ምስክር ፊት በራስዎ እጅ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ።»

ሬድፈርን እጁን ዘረጋ፤ የሚቀበለው ነገር ግን አልነበረም። ካቤኬ ኮሚሽነሩ ጋ ደውሎ ነበር፤ ጓደኛው አላነሳም። ሁለቱንም ጣቢያ ድረስ አብረው እንዲመጡ ነገረቻቸው። ካፑቶ እጁ ታስሮ ከመቀመጫው ሲወርድ ከአባላቱ አንድ ስንኳ ቀና ብሎ ያየው የለም።

ላቭነስ ተነሳች።

«ዘጠኝ ነን። ምልዓተ ጉባኤ ይሞላል። ሲንጎምባ፣ ወረቀት አውጣ፤ ዛሬ እኛ ከተናገርን በኋላ ነው የምትጽፈው። ግድቡን የሚቃወም?»

አምስት እጆች ወዲያው ወጡ። አራቱ የኩባንያው ሰዎች የፊት ወንበሮችን አዩ፤ ባዶ ናቸው። በሩን አዩ፤ ፖሊስ ቆሟል። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ አንዱ እጁን አወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አንደኛው ይባስ ብሎ ሁለቱንም እጆቹን ነው ያነሳው፤ ጸሐፊው አንዱን እንዲያወርድ ነገረው።

ሲንጎምባ ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ፣ ከዚያ ዘጠኝ ለዜሮ ብሎ ጻፈ። ንካንዱ በሩ ላይ ቆማ አራቱን እጆች ተመለከተች። ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ሽማግሌው ብቻቸውን ተነስተው ሲናገሩ፣ ከእነዚህ አንዷ እንኳ ወጥታ ቢሆን ሙኩካን መግደል ለማንም ባልጠቀመ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ባርኔጣዋን ደፍታ ወጣች።