ሳይታረድ የቀረበው የስንብት ምሳ

ጥር ፲፯ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም.፣ እሑድ ቀትር ላይ፣ የጭላሎ ተራራ ጉሙን ገፍፎ አሰላን ቁልቁል በሚመለከትበት ሰዓት፣ በንጉሡ ዘመን ማዕረግ ያገኙት ግራዝማች ይስሃቅ ካባቸውን ደርበው ከባጃጅ ወረዱ፤ በማግሥቱ ልጃቸው ወዳለበት አዲስ አበባ ጠቅልለው ይሄዳሉና፣ ከሃምሳ ዓመት ወዳጃቸው ከሐጂ ነስረዲን ጋር የስንብት ምሳ ሊበሉ ነበር።

ይህ ምሳ ብዙ አከራክሯል። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሰርግም በሐዘንም ሳይለያዩ፣ በሥጋ ገበታ ግን ተለያይተው ኖረዋል፤ በግራዝማች ቤት የታረደውን ሐጂ አይቀምሱም፤ በሐጂ ቤት የታረደውን ግራዝማች አይነኩም፤ ለእንግዳው ሌላ በግ፣ ሌላ አራጅ፣ ሌላ ገበታ ይሰናዳ ነበር። ለስንብት ሽሮ ማቅረብን ደግሞ ሁለቱም እንደ ውርደት ቆጠሩት።

መላ ያመጣችው የሐጂ የልጅ ልጅ ፈይሩዛ ናት። በጃፓን አገር ለአንድ ኩባንያ የሩጫ ቡድን ስትሮጥ ኖራ፣ ጉልበቷ ሲጎዳ የአገሩን ምግብ ሙያ ተምራ ተመልሳ፣ በአሰላ ትንሽ የሱሺ ቤት ከፍታለችና፣ ምሳው በእርሷ ዘንድ ሆነ።

ግራዝማች ከባንኮኒው ፊት ተቀምጠው እጇን አስተዋሉ፤ በኮምጣጤ የራሰው ሩዝ በመዳፏ ውስጥ ቅርጽ ያዘ፤ ቢላዋዋ ብርሃን በሚያሳልፈው ዓሣ ውስጥ ያለ ድምፅ አለፈ፤ ደም የለ፣ ጭስ የለ።

«ጥሬ ነው?» አሉ ተደንቀው።

«ከብርንዶ ጋር ያረጁት ሰው ዓሣ ይፈራሉ?» ብለው ሐጂ ሳቁ።

«ብርንዶውንስ ማን እንዳረደው አውቃለሁ፤ ይህን ማን አረደው?»

«ማንም፣ አባባ» አለች ፈይሩዛ። «ከውኃ ሲወጣ ሞተ። በእናንተም በእኛም ዓሣ አይታረድም።»



«ሃምሳ ዓመት ሙሉ» አሉ ግራዝማች፣ «ዝዋይ ከእግራችን ሥር ነበር!»

«ወላሂ፣ ደገኞች አይደለን? ዓሣን ማን ከምግብ ቆጠረው!»

ለሁለቱም አንድ ሳህን ቀረበ። ግራዝማች መብሊያ እንጨቶቹን ገፍተው፣ በጣታቸው አንሥተው ሐጂን አጎረሱ፤ ሐጂም በተራቸው አጎረሷቸው፤ የሚያቃጥለውን አረንጓዴ ቅመም አብዝተውበት ኖሮ የግራዝማች ዓይን እንባ አቀረረ።

«ቅመሙ ነው» አሉ ግራዝማች።

«የእኔ እንኳ ቅመም አልነበረበትም» አሉ ሐጂ፣ ዓይናቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ እየጠረጉ።

በመጋቢት ወረርሽኙ አገራችን ገባ፤ መጨባበጥና መጎራረስ አስፈሪ ሆነ፤ የፈይሩዛም ቤት ተዘጋ። ያ ዓመት ሰው ከሰው የራቀበት ተብሎ ተጽፏል፤ እውነትም ነው። በዚያው ዓመት ሁለት ሽማግሌዎች መቀራረባቸውን ግን የጻፈ የለም፤ ምስክሩ አንድ ሳህን ነበር፤ እርሱንም ፈይሩዛ በዚያው ቀን አጠበችው።